ሕመምተኛውና ባለአክሲዮኑ

ሰው በሚያውቀው ነገር ቢነግድ ከማያውቀው ይልቅ እንደሚቀናው ዘወትር ይነገራል። ገበሬው ስለ ዘር፣ ሸማኔው ስለ ድርና ማግ፣ የቡና ነጋዴው ስለ ቡና ከሌላው ሰው አብልጠው ቢያውቁ የሚያስገርም አይደለም። እንደዚሁም ዕድሜውን ሙሉ ከአንድ ሕመም ጋር የሚኖር ሰው ስለዚያ ሕመም መድኃኒቶችና መሣሪያዎች ከብዙ ጤነኞች የበለጠ ያውቃል። እንግዲህ ይህ ዕውቀት ገንዘብን በሥራ ላይ ለማዋል ሊረዳ ይችላልን? ሕመምተኛ መድኃኒቱን የሚሠራለትን ኩባንያ አክሲዮን ቢገዛ ብልኅነት ነውን? ወይስ ከገዛ ሥቃዩ ትርፍ እንደ መፈለግ ይቆጠርበታል? ውድ አንባብያን፣ በዚህ ድርሰት ስለዚሁ ጥያቄ የማስበውንና የምመራበትን ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

ጥያቄው ለእኔ እንዲያው የጨዋታ ያህል የሚነሣ ጥያቄ አይደለም። በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣ በኮምቦልቻ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ዓይነት አንድ የተባለው የስኳር ሕመም ያዘኝ። ከጨጓራ በስተኋላ ቆሽት የሚባል የሰውነት ክፍል አለ። ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ቅመም ያመነጫል፤ ኢንሱሊንም በደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ሰውነት ሕዋሳት ገብቶ ኀይል እንዲሆን ያደርጋል። በዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ግን ሰውነትን ከበሽታ ሊጠብቅ የሚገባው የመከላከያ ኀይል ተሳስቶ ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳትን ያጠፋል። ከዚያ በኋላ ሕመምተኛው በየቀኑ ኢንሱሊን ከውጭ ካላገኘ በሕይወት ሊቆይ አይችልም። በቤታችን ማቀዝቀዣ ስላልነበረ እናቴ የኢንሱሊኑን ብልቃጥ በረጠበ አሸዋ መካከል በተቀመጠ ገንቦ ውስጥ ታኖርልኝ ነበር።

ዛሬ የምኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት ሲሆን፣ መተዳደሪያዬም በአንድ የመኪና ማቆሚያ የገንዘብ ተቀባይነት ሥራ ነው። በክንዴ ላይ የተለጠፈ አነስተኛ መሣሪያ በየአምስት ደቂቃው የስኳሬን መጠን ይነግረኛል። ለኢንሱሊኑ፣ ለመሣሪያውና ለመርፌው በየወሩ ገንዘብ እከፍላለሁ። ከደመወዜም ለክፉ ቀን ጥቂት እቆጥባለሁ። ከዕለታት አንድ ቀን እንደኔው ስኳር ያለበት የሥራ ባልደረባዬ፣ «በየወሩ ለእነዚህ ኩባንያዎች ከመገበር የኩባንያዎቹ ባለቤት ብንሆን አይሻልም?» ሲል ሐሳብ አቀረበልኝ። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፤ ውስጡ ሲመረመር ግን ብዙ ነገር ይወጣዋል።

አስቀድሜ አክሲዮን ምን እንደሆነ በአጭሩ ልግለጽ። አንድ ታላቅ ድርጅት በአንድ ሰው ገንዘብ ብቻ ሊቋቋም በማይችልበት ጊዜ ሀብቱ በብዙ እኩል ክፍሎች ይከፈልና ለብዙ ሰዎች ይሸጣል። እያንዳንዱ ክፍል አክሲዮን፣ የገዛውም ሰው ባለአክሲዮን ይባላል። ባለአክሲዮን የድርጅቱ የጥቂት በጥቂቱ ባለቤት ነው። ድርጅቱ ሲያተርፍ ከትርፉ ድርሻ ሊደርሰው ይችላል፤ አክሲዮኑ ሲወደድ ሸጦ ይጠቀማል፤ ሲረክስ ይጎዳል፤ ድርጅቱ ሲወድቅም ያወጣውን ገንዘብ በሙሉ ሊያጣ ይችላል። ከዚህም ሌላ በጉባኤ ላይ ድምፅ የመስጠት መብት አለው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ በተለይ ካላመለከትሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ሕመምና ንግድ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙት ዛሬ አይደለም። ኢንሱሊን በ1921 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ፣ ፍሬዴሪክ ባንቲንግ በተባለ ሐኪምና ቻርልስ ቤስት በተባለ ወጣት ረዳቱ ጥረት ተገኘ። የቤተ ሙከራው ኀላፊ ጆን ማክላውድ ሲሆን፣ ቅመሙን በማጣራት የረዳቸው ደግሞ ጄምስ ኮሊፕ ነበር። በጥር ወር 1922 ሊኦናርድ ቶምሰን የተባለ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ኢንሱሊን ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ እምብዛም አልጠቀመውም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ የተሰጠው የተጣራው ኢንሱሊን ግን ስኳሩን ዝቅ አድርጎ ልጁን ከሞት አተረፈው። ከዚያ በፊት ይህ ሕመም የያዘው ልጅ በረኀብ ያህል ምግብ እየተቀነሰበት ጥቂት ጊዜ ቢቆይ እንጂ ከሞት የሚያመልጥበት መንገድ አልነበረም።

ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ በ1923 የፈጠራ መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዳቸው በአንድ አንድ ዶላር ብቻ ሸጡት። ይህን ያደረጉት መድኃኒቱ በጥቂት ሰዎች እጅ ታግቶ እንዳይቀር ነው። ይሁን እንጂ መልካም ፈቃድ ብቻውን ኢንሱሊን አያመርትም። በዚያን ጊዜ ኢንሱሊን የሚወጣው ከታረዱ ከብቶችና ዓሣማዎች ቆሽት ስለነበረ፣ በሺህ ለሚቆጠሩ ሕመምተኞች ለማዳረስ ፋብሪካ፣ ባለሙያና ብዙ ገንዘብ አስፈለገ። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ኢላይ ሊሊ ከተባለው የአሜሪካ የመድኃኒት ኩባንያ ጋር ተዋውሎ መድኃኒቱ በብዛት እንዲመረት አደረገ።

በዚያው ወራት አውጉስት ክሮግ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ ከባለቤቱ ጋር ወደ ሰሜን አሜሪካ ተጓዘ። ክሮግ በ1920 የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ሰው ነው። ባለቤቱ ማሪ ክሮግ ሐኪም ስትሆን፣ እርሷ ራሷ የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። ክሮግ ወደ ቶሮንቶ ሄዶ ኢንሱሊን በስካንዲኔቪያ አገሮች እንዲመረት ፈቃድ አገኘ፤ ወደ አገሩም ተመልሶ ሐንስ ክርስቲያን ሐገዶርን ከተባለ ሐኪም ጋር በ1923 ኖርዲስክ የተባለውን የኢንሱሊን ቤተ ሙከራ አቋቋመ። ከኖርዲስክ የወጡ ሁለት ወንድማማቾች በ1925 ኖቮ የተባለ ተወዳዳሪ ድርጅት መሠረቱ። ሁለቱ ድርጅቶች በ1989 ተዋሕደው ዛሬ ኖቮ ኖርዲስክ የሚባለው ኩባንያ ሆኑ። እንግዲህ ከዓለም ታላላቅ የመድኃኒት ኩባንያዎች አንዱ ከጅምሩ በአንድ ቤት ውስጥ ከነበረ ሕመም ጋር የተያያዘ ነበር ማለት ነው። የሚወዱትን ሰው ለማዳን ድርጅት ማቋቋም ነውር እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ሕመምተኛ ራሱ ከባለሙያ ቀድሞ የሚያይበት ጊዜም አለ። በ1970 አካባቢ የደም ስኳር የሚለካ መሣሪያ በአሜሪካ ተሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን ለሐኪሞችና ለሆስፒታሎች እንጂ ለሕመምተኞች አይሸጥም ነበር። ሪቻርድ በርንስታይን የተባለ ከልጅነቱ ጀምሮ የስኳር ሕመምተኛ የሆነ መሐንዲስ መሣሪያውን ለመግዛት ፈለገ። ባለቤቱ ሐኪም ስለነበረች በእርሷ ስም አስገዛውና በየቀኑ ብዙ ጊዜ ራሱን እየለካ የምግቡንና የኢንሱሊኑን መጠን ያስተካክል ጀመር። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ሐኪሞች ሕመምተኛ በቤቱ ራሱን ይለካል የሚለውን ሐሳብ አልተቀበሉትም። በርንስታይን ግን በዚህ ሳይበገር፣ የሚሰማው እንዲያገኝ ሲል በጉልምስና ዕድሜው ሕክምና ተምሮ ሐኪም ሆነ። ዛሬ በቤት ውስጥ ስኳርን መለካት የተለመደ ሥራ ነው። መሣሪያውን ሌሎች ሠሩት፤ ጥቅሙ እስከ ምን እንደሚደርስ ግን አስቀድሞ የታየው ለሚኖርበት ሰው ነው።

ይህ ዓይነቱ ዕውቀት ለገንዘብ ጉዳይም እንደሚጠቅም የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በ2006 ፋይዘር የተባለው ታላቅ ኩባንያ ኤግዙቤራ የሚል ስም ያለው፣ በአፍ ወደ ሳንባ የሚሳብ ኢንሱሊን ለገበያ አቀረበ። ጤነኛ ሰው ይህን ሲሰማ፣ «ከመርፌ የሚገላግል መድኃኒት ከተገኘ ማን ይጠላል?» ይል ይሆናል። ከስኳር ጋር የሚኖር ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል። ዕቃው ትልቅ ሲሆን በሰው ፊት አውጥቶ መጠቀም ይመቻልን? ሳንባዬን አስቀድሜ መመርመር ያስፈልገኛልን? መጠኑን እንደ ለመድሁት በዩኒት ሳይሆን በሚሊግራም ማስላት አያሳስተኝምን? ለረጅም ሰዓት የሚሠራውን ኢንሱሊን እንደ ወትሮው በመርፌ የምወስድ ከሆነ ከምኑ ተገላገልሁ? እነዚህ ጥያቄዎች ቀላል ቢመስሉም መልሳቸው ከባድ ሆነ። ሕመምተኞችም ሐኪሞችም መድኃኒቱን ሳይፈልጉት ቀሩ፤ ፋይዘርም በጥቅምት 2007 ሥራውን ሲያቆም 2.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል ኪሣራ መዘገበ። መርፌ ከውጭ ለሚያይ ሰው የሕመሙ ሁሉ ምልክት ነው፤ ለሕመምተኛው ግን ከብዙ ጣጣዎች አንዱ ብቻ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ሁሉ ለባልደረባዬ ሐሳብ የሚደግፍ ይመስላል። ነገር ግን ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይባላልና፣ የሕመምተኛው ዕውቀት የት ላይ እንደሚያበቃ ደግሞ መመርመር ይገባል።

ሕመምተኛ የሚያውቀው ዕቃውን ነው፤ ኩባንያውን አይደለም። ዕቃው መልካም ሆኖ ሳለ ኩባንያው ሊከስር ይችላል። ኩባንያው እያተረፈም ቢሆን አክሲዮኑ ሊረክስ ይችላል። በሐምሌ ወር 2024 ዴክስኮም የተባለው፣ የስኳር መለኪያ የሚሠራው የአሜሪካ ኩባንያ የዓመቱን የሽያጭ ግምት ዝቅ ማድረጉን ባስታወቀ ማግሥት የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን ውስጥ 40 በመቶ ያህል ወደቀ። በዚያን ቀን መሣሪያው በሕመምተኞች ክንድ ላይ ሆኖ ትናንት እንደሚሠራው ይሠራ ነበር። በተጠቃሚው ዘንድ አንዳች ነገር ሳይለወጥ፣ በባለአክሲዮኑ ዘንድ ግን ከመቶ ዶላር አርባው በአንድ ጀምበር ጠፋ። ኖቮ ኖርዲስክም እንደዚሁ ነው። የአክሲዮኑ ዋጋ በ2024 አጋማሽ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከግማሽ በታች ወረደ። ለዚህም ምክንያቱ የኢንሱሊኑ መበላሸት አይደለም፤ በክብደት መቀነሻ መድኃኒቶች ገበያ የገጠመው ውድድርና የትርፍ ተስፋው መቀነስ ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። አኒማስ የተባለ የኢንሱሊን ፓምፕ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በወገባቸው ይዘውት ይውሉ ነበር። ባለቤቱ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ግን በ2017 ይህን የሥራ ዘርፍ እንደሚዘጋ አስታወቀ። በጊዜው ወደ 90 ሺህ የሚጠጉ ተጠቃሚዎች ነበሩት። ዕቃው የሚወደድ መሆኑ ከመዘጋት አላዳነውም። ስለዚህ «እኔ እጠቀምበታለሁ፤ መልካም ነው» የሚለው ቃል አክሲዮን ለመግዛት መነሻ ይሆናል እንጂ ፍርድ አይሆንም። ፍርድ ለመስጠት የኩባንያውን ዓመታዊ መግለጫ ማንበብ፣ ዕዳውን ማወቅ፣ ተወዳዳሪዎቹን መለየት፣ አክሲዮኑ ከሚያስገኘው ትርፍ ጋር ሲነጻጸር ውድ መሆን አለመሆኑን ማስላት ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ በሕመም የሚገኝ ዕውቀት ሳይሆን በትምህርትና በትዕግሥት የሚገኝ ነው።

አንዳንድ ሰዎች የሚያቀርቡት ሌላ ምክንያት አለ። «መድኃኒቱ ሲወደድብኝ እንደ ገዢ እጎዳለሁ፤ እንደ ባለአክሲዮን ግን እክሳለሁ» ይላሉ። ይህ አባባል እውነት መሆኑን በሒሳብ እንፈትነው። አንድ ሰው ለመድኃኒቱ በዓመት 1,200 ዶላር ያወጣል እንበል። ከአክሲዮን የሚያገኘው የትርፍ ድርሻም ከመቶ ሁለት ነው እንበል። የመድኃኒቱን ወጪ በትርፍ ድርሻ ለመሸፈን የ60,000 ዶላር አክሲዮን ሊኖረው ይገባል። እንደኔ ያለ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ይህን ያህል ገንዘብ ከየት ያመጣል? 60,000 ዶላር ያለው ሰውስ መድኃኒት መግዣ ያጣልን? ስለዚህ ማካካሻው በወሬ እንጂ በሒሳብ አይሠራም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደርሰናል። ይህን ሁሉ ሳሰላስል ሳለ ነገሩን በስልክ ለእናቴ አጫወትኋት። እናቴ ስለ አክሲዮን ገበያ የምታውቀው ነገር የለም፤ ነገር ግን ፈጥና ዋናውን ነገር ያዘችው። «ልጄ፣ መድኃኒቱ ሲወደድ አንተ ታተርፋለህ ማለት ነው?» አለችኝ። «ሊሆን ይችላል እማዬ» አልኋት። «እንግዲያውስ አንተን የመሰለ የድኻ ልጅ መግዣ ሲያጣ ደስ ሊልህ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ለዚህ ጥያቄ ወዲያው የሚሰጥ መልስ አልነበረኝም፤ በችኮላ ልመልስላትም አልፈለግሁም።

ጥያቄዋ ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። ሂዩማሎግ የተባለው የኢላይ ሊሊ ኢንሱሊን በ1996 በአሜሪካ ገበያ ሲቀርብ የአንድ ብልቃጥ ዋጋ 21 ዶላር ያህል ነበር። በ2017 የተጻፈው ዋጋ ወደ 275 ዶላር ደረሰ። በዚያ አገር መድን የሌላቸው ሰዎች ኢንሱሊኑን እየቆጠቡ፣ ከሚገባቸው መጠን እያሳነሱ የተወጉበት ጊዜ ነበር። ኢንሱሊንን ማሳነስ ደግሞ እንጀራን እንደ ማሳነስ አይደለም፤ ሰውን ለሞት ያደርሳል። ከብዙ ወቀሳና ከመንግሥት ግፊት በኋላ፣ በመጋቢት 2023 ኩባንያው የሂዩማሎግን ዋጋ 70 በመቶ እንደሚቀንስ፣ ሕመምተኛ በወር የሚከፍለውንም ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ እንደሚያደርግ አስታወቀ። ሁለቱ ሌሎች ታላላቅ የኢንሱሊን አምራቾችም ተመሳሳይ እርምጃ ወሰዱ። በሌላ በኩል፣ በብልቃጡ ላይ የተጻፈው ዋጋ ሁሉ ወደ አምራቹ የሚገባ እንዳልነበረ መናገር ተገቢ ነው፤ ከዋጋው ብዙው በአምራቹና በመድን ድርጅቶች መካከል ለቆሙ አገናኞች በቅናሽ መልክ ይሄድ ነበር። ይህም ማለት ሕመምተኛው የከፈለውን ሁሉ ባለአክሲዮኑ አላገኘውም፤ ባለአክሲዮኑ ያገኘው ግን ከሕመምተኛው ኪስ የወጣ ነው።

ስለዚህ ሕመምተኛም ባለአክሲዮንም የሆነ ሰው በአንድ ልብስ ላይ ሁለት ኪስ እንዳለው ሰው ነው። አንደኛው ኪስ ዋጋው እንዲወርድ፣ ሁለተኛው እንዲወጣ ይፈልጋል። ሁለቱ ኪሶች እንዲጣሉ ሳያደርግ መኖር ይችላልን? እኔ ይቻላል ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ወሰን ያስፈልጋል። ባለአክሲዮንነቴ ስለ መድኃኒት ዋጋ ያለኝን አስተያየት እስከሚለውጥ ድረስ ካደገ፣ በዝቷል ማለት ነው። ዋጋው ይቀነስ ሲባል ከመደሰት ይልቅ የአክሲዮኑን መውደቅ የማስብ ከሆነ፣ በሽታዬ ከቆሽቴ አልፎ ወደ ኅሊናዬ ተዛምቷል ማለት ነው።

ሕመምተኞች ገንዘባቸውን አስተባብረው በሌላ መንገድ ያዋሉበትም ጊዜ አለ። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል ሳንባንና የምግብ መፍጫ አካላትን በወፍራም ንፍጥ የሚያውክ፣ በዘር የሚተላለፍ ሕመም አለ። በ1955 በአሜሪካ የታማሚ ልጆች ወላጆች የመሠረቱት ማኅበር በመዋጮ ያሰባሰበውን ገንዘብ ቨርቴክስ ለተባለው ኩባንያ ምርምር አዋለ፤ መጠኑም ወደ 150 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2012 የሕመሙን ሥረ መሠረት የሚያክም የመጀመሪያው መድኃኒት ተፈቀደ። ማኅበሩም በ2014 ከሽያጩ የሚደርሰውን መብት በ3.3 ቢሊዮን ዶላር ሸጦ ገንዘቡን ለተጨማሪ ምርምርና ለሕመምተኞች እርዳታ መደበው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሏል ይህ ነው። እንዲያም ሆኖ የመድኃኒቱ ዋጋ ለአንድ ሕመምተኛ በዓመት 300,000 ዶላር ያህል ስለነበረ፣ ማኅበሩም የእናቴን ጥያቄ ከመሰለ ጥያቄ አላመለጠም።

ቨርቴክስ ዛሬ ለዓይነት አንድ የስኳር ሕመምም መፍትሔ እየፈለገ ነው። በቤተ ሙከራ የተዘጋጁ ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳት በሰው ሰውነት ውስጥ የተተከሉበት የሙከራ ውጤት በ2025 ታትሟል። ሙሉውን መጠን ከተቀበሉት 12 ሕመምተኞች 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንሱሊን መወጋት አላስፈለጋቸውም። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሰውነት የተተከሉትን ሕዋሳት እንዳያጠፋም የመከላከያ ኀይልን የሚያዳክም መድኃኒት መውሰድ ግድ ሆኖባቸዋል። ነገር ግን እስቲ አስቡት፤ አንድ ቀን ይህ ወይም ይህን የመሰለ ሕክምና ለሁሉ ቢደርስ የኢንሱሊንና የመለኪያ መሣሪያ ኩባንያዎች አክሲዮን ምን ይሆናል? ይወድቃል። ባለአክሲዮኑ ያዝናል፤ ሕመምተኛው ግን ከመቀመጫው ተነሥቶ እልል ይላል። አንድ ሰው ሁለቱንም ሆኖ ሲገኝ የማን ደስታ እንደሚበልጥ አስቀድሞ መወሰን አለበት። እኔ ወስኛለሁ፤ አክሲዮኔ ስለ ወደቀ የምድንበት ቀን ቢመጣ ከልቤ የምቀበለው ኪሣራ ያ ብቻ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ተመሥርቼ ለራሴ አራት ደንቦች አውጥቻለሁ። የመጀመሪያው፣ አክሲዮን ከመግዛቴ በፊት የስድስት ወር የመድኃኒትና የቀለብ ገንዘብ በባንክ አስቀምጣለሁ። ምክንያቱም ጤናዬ ቢታወክ ደመወዜም አብሮ ይቋረጣል፤ በዚያን ቀን አክሲዮኑ ረክሶ ቢገኝ ከሁለት ወገን እጎዳለሁ። ሁለተኛው፣ ከቁጠባዬ ከአሥር እጅ አንዱን እንጂ ከዚያ በላይ በራሴ ሕመም ዙሪያ በሚሠሩ ኩባንያዎች ላይ አላውልም። ሕይወቴ አስቀድሞ በእነርሱ እጅ ነው፤ ገንዘቤንም በሙሉ በዚያው ላይ መጨመር አደጋን በአደጋ ላይ መደረብ ነው። ሦስተኛው፣ የምጠቀምበትን ዕቃ መውደዴን ለግዢ በቂ ምክንያት አላደርገውም፤ የሒሳብ መግለጫውን ሳላነብ አልገዛም። አራተኛው፣ ስለ መድኃኒት ዋጋ በጉባኤ ድምፅ የምሰጥበት አጋጣሚ ሲገኝ እንደ ሕመምተኛ እንጂ እንደ ባለአክሲዮን አልመርጥም።

እነዚህን ደንቦች ለእናቴ በዝርዝር ነገርኋት። «ባለ ብዙ ሐሳብ ነህ፤ ብቻ መርፌህን እንዳትረሳ» ብላ ሳቀች። ደንቦቼን እንዳጸደቀችልኝ ቆጠርሁት።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ሁሉ የጻፍሁት ወደ አሜሪካ ገበያ እንድትሮጡ አይደለም። በአገራችን የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ ሥራውን ጀምሯል። ስለዚህ እናንተ ስታድጉ አክሲዮን መግዛትና መሸጥ ለአባቶቻችን እንደነበረው እንግዳ ነገር አይሆንባችሁም። ከእናንተም መካከል ስኳር፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም ሌላ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ሕመም ያለበት ተማሪ አይጠፋም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና ሕመማችሁን አትደብቁ፤ አትፈሩትም። ስለ ሕመማችሁ መድኃኒትና መሣሪያ ያላችሁ ዕውቀት ከሌላው የሚያስበልጣችሁ ሀብት መሆኑን ዕወቁ። በዚህ ዕውቀት ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የመድኃኒት ቀማሚ ወይም ባለአክሲዮን ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ነገር ግን የትኛውንም ብትሆኑ አንድ ነገር አትርሱ። ገንዘብ በሚውልበት ቦታ ሁሉ ልብም ቀስ በቀስ ወደዚያው ያዘነብላል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማዋላችሁ በፊት ዋጋው ከፍ ሲል የሚከፍለው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ከፋዩ እናንተን የመሰለ ሕመምተኛ ከሆነ፣ እርሱን ለመክሰስ ሳይሆን ከእርሱ ጋር ለመቆም እንድትችሉ አድርጋችሁ፣ በመጠኑ ግዙ። ትርፍ ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝም ጤናችሁንና ኅሊናችሁን ይዛችሁ ትቀራላችሁ።